የአማከለች ቀብር

ሰው የገዛ ሞቱን ጥሩንባ ሲሰማ ምን ይሰማው ይሆን? አማከለች ሙላትን ጠይቋት። በዚያ የገበያ ቀን ጠዋት፣ መርሳ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለችው ጭማቂ ቤቷ ማንጎ እየላጠች ሳለ፣ የቅሬው ጠሪ ጥሩንባውን ነፍቶ፣ አማከለች አርፋለችና ቀብሯ ረፋድ ላይ ነው፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ እያለ በደጃፏ አለፈ። ቢላዋው ከእጇ አልወደቀም። ይልቅ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ድምፁን ትንሽ ከፍ እንዲያደርገው ነገረችው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? ሞቴን ጮክ ብለህ ተናገር የምትል ሴት እኛ ያን ቀን አየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአሮጌው የአውሮፕላን ማረፊያ ጋር የሚዋሰን ለም መሬት አለ፤ ስሙ አማከለች ነው። ወንዙ በላይ፣ መንገዱ በታች፣ የክርስቲያኑ መንደር በቀኝ፣ የሙስሊሙ መንደር በግራ፣ እሷ ደግሞ መሀል። አማከለች መባሏም ለዚሁ ነው። የልጅቱ እናት እትዬ አለሚቱ እዚያ ጤፍ ሲያርሙ ምጥ ያዛቸውና እዚያው ካለው ማንጎ ጥላ ስር ሴት ልጅ ተገላገሉ፤ አባቷ ጋሽ ሙላትም ስም ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቱና መሬቱ ሞክሼ ናቸው።

ያቺን መሬት ሊውጣት የመጣው ማስፋፊያው ነው። አሮጌው ማረፊያ ትልቅ አውሮፕላን እንዲያሳርፍ በአማከለች በኩል ይርዘም ተባለ። የሁለቱ መንደር ሰው አውሮፕላን አይምጣብን አላለም፤ በሌላው ጫፍ ለፍየል እንኳ የማይሆን ድንጋያማ ሜዳ እያለ ስለምን የሰው ጉሮሮ ይታነቃል ነው ያለው። ፊርማ አሰባሰቡ። ወልድያ ተመላለሱ። ድንጋዩን መደልደል ወጪው ብዙ ነው ተባሉ፤ ይጠናል ተባሉ፤ ነገ ኑ ተባሉ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ ሲጠና ሲጠና ቀያሾቹ ችካል ይዘው የሚመጡበት ቀን ተቆረጠ። ሕዝቡ ስብሰባ ልጥራ ቢል ደግሞ ፈቃድ የለም።

ይሄኔ የቅሬው ዳኛ ሼህ ኡበይደላ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ ለስብሰባ ፈቃድ ያስፈልግ ይሆናል፣ ለቀብር ግን ፈቃድ የጠየቀ ሰው አላውቅም አሉ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ሙስሊም ክርስቲያን አይለይም። ቅሬ ከጠራ የሚቀር የለም። ደጋግሞ የቀረ ከቅሬ ይወጣል፣ ከቅሬ የወጣን ሰው ደግሞ ሬሳውን የሚሸከምለት አያገኝም። እንግዲያው መሬቷ ልትሞት ከሆነ በወጉ እናልቅስላት፣ ቀያሽ በለቀስተኛ መሀል ችካል ሲተክል እስቲ እንየው አሉ። ሰው ሁሉ ተስማማ።

እትዬ አለሚቱ ብቻ እሳት ሆኑ። የልጄ ስም በጥሩንባ አይጠራም፣ ይሄ ሟርት ነው፣ ወልዶ የማያውቅ ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚያስበው ብለው ነጠላቸውን አራገፉ። ሽማግሎቹም አፈሩ። ሌላ ስም እንስጣት የሚል ሁሉ ተነሳ። አማከለች ከሴቶቹ መሀል ቆመች።

«ስሙን ያዋሰችኝ መሬቷ ናት» አለች። «ዛሬ ፈለገችው። እኔ ነኝ እንዴ የምከለክላት?»

እናቷ ነጠላቸውን መልሰው ለበሱ። ከጎኗ የተቀመጠችው ሀጂራ፣ ጭማቂ ቤቱን አብራት የምትሠራው የልብ ጓደኛዋ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ወልድያ ያለው ሰው ቢሰማስ አለቻት። አማከለች ወልድያ የማውቀው ሰው የለኝም አለች። ውሸቷን ነው።

ወልድያ ያለው ሰው ሚኪያስ ነው፤ የባለ ሆቴሉ የአቶ ስዩም ልጅ። የአባቱን አይሱዙ እየነዳ መርሳ ሲያልፍ አንድ ቀን ውሃ ጥም ከጭማቂ ቤቱ ጣለው። መጀመሪያ የማንጎ ጠጣ፣ በማግስቱ የፓፓያ፣ ከዚያ ወዲህ ብርጭቆውን ሳይነካ ዓይኗን አይቶ ብቻ የሚሄድ ሆነ። እሷም ሰው መሀል ቀና ብላ አታየውም፤ መኪናው ገና ከሲሪንቃ በኩል ሲመጣ ግን ድምፁን ከሌላው አይሱዙ ለይታ ታውቀው ነበር። ወልድያ ያሉት ዘመዶቹ፣ የሆቴል ወራሽ የመናኸሪያ ጭማቂ ሻጭ ያገባል ወይ ብለው ሳቁ። እሱ ግን ከማንጎው ስር አብረው ተቀምጠው ሽማግሌ እልካለሁ ብሏት ነበር። ያቺን ቦታ «ማንጎው ስር» ነበር የሚሏት። የቦታዋን ስም ነግራው አታውቅም፤ ፍቅር ላይ ያለ ሰው የመሬት ስም መች ያወራል?

አቶ ስዩም ማስፋፊያውን የሚደግፈው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ክፉ ሰው ናቸው ብሎ መገላገል ይቻል ነበር፤ አይደሉም። ባለቤታቸው ገነት ታመው አዲስ አበባ ይድረሱ ተብሎ በአምቡላንስ ሲሄዱ ደሴ ሳይገቡ መንገድ ላይ አረፉ። ራሳቸውን በጭኑ ይዞ የነበረው ሚኪያስ ነው። ከዚያ ወዲህ አቶ ስዩም ስለ አውሮፕላን ሲያወሩ ስለ ሚስታቸው ነው የሚያወሩት።

ወልድያ አዳራሽ ውስጥ በተደረገው ውይይት እኚህ ሰው ያ መሬት ባዶ ሜዳ ነው ብለው ተናገሩ። አማከለች ከኋላ ተነሳች። ባዶ አይደለም፣ የሚያበላ ነው፣ እንዲያውም ስም አለው ስትል አቶ ስዩም ከአፏ ነጠቋት። መሬት ስም የለውም፣ ቁጥር ነው ያለው፣ የእኔ እህት፣ አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እሷ ሳቁን አልሰማችም፤ ከአባቱ አጠገብ የተቀመጠውን ሚኪያስን ነበር የምታየው። አንድ ቃል ጠበቀች። ቃል ቢቀር ቀና ብሎ ማየትም ይበቃት ነበር። እሱ ጫማውን አየ።

ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው አፍቅሮ አያውቅም። እሷ የእናቱን ነገር ታውቃለች፣ ያንን ዝምታ ከየት እንዳመጣውም አልጠፋትም፤ ግን ማወቅ ሌላ፣ መቻል ሌላ ነው። በዚያኑ ዕለት ስልኩ እንዳይገባላት ዘጋችው። በሀጂራ በኩል የላከውን መልእክት ሁሉ ሳትሰማ መለሰችው። ሆድ ይፍጀው ብላ ማንጎዋን መላጥ ቀጠለች፤ ክረምቱም እንዲሁ አለፈ።

እንግዲህ ወደ ቀብሩ እንመለስ። ረፋድ ላይ መንገዱ በጥቁር ልብስ ሞላ። ቅሬው ደንቡን አላጓደለም፤ ከመሬቷ ከአማከለች መሀል አፈር ተቆፍሮ በነጭ ጨርቅ ተገነዘ፣ በቃሬዛ ሆኖ ጋቢ ለበሰ። ከሩቅ ላየው የእውነት ሬሳ ነው። ችግር የተፈጠረው የት ትቀበር ሲባል ነው። ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቢል ሙስሊሙ ምን ሊሆን ነው? ሙስሊሙ ወደ መቃብሩ ቢወስዳት ክርስቲያኑስ? የሁለታችንም ናትና ቀያሹ ችካል ሊተክል በሚመጣበት ቦታ ላይ ትረፍ ተባለ። አልቃሽዋ እትዬ ሀስናም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሙሾውን ያዙት፦

አማከለች አለች ከሁላችን መሀል፣
መሬት የሚቀብር መሬት የት ይገኛል?

አማከለች ከሴቶቹ ጋር ደረቷን እየመታች ሄደች። ዓይኗ ግን ደረቅ ነበር። ዛሬ የሚለቀስበት ቀን አይደለም፣ የሚቆምበት ነው ብላ ለራሷ ምላለች። ችካሉ ዛሬ ከተተከለ ነገ ግሬደር እንደሚከተለው፣ ከግሬደር በኋላ የሚመለስ መሬት እንደሌለ ታውቃለች።

ቀያሾቹ፣ ፖሊሶቹና የአቶ ስዩም ነጭ መኪና ከመሬቱ ዳር ቆመው ጠበቁ። ቃሬዛው ሲመጣ ፖሊሶቹ ምንም ሳይነገራቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ የእናታቸው ልጆች ናቸው፣ ሬሳ ሲያልፍ ዝም ብለው መቆም አያውቁም። አለቃቸው ወደ ሼህ ኡበይደላ ቀረብ ብሎ በትሕትና እግዜር ያጥናችሁ አለና ማን እንዳረፈ ጠየቀ።

«አማከለች» አሉት።

«አልሰማሁም። አብሽሩ፣ አባባ። በምን ሞቱ?»

«በማስፋፊያ።»

ሰውየው ወደ ባርኔጣው አየ። ባርኔጣውን መልሶ እንዳያደርግ ለቀስተኛው ያየዋል፤ እንዳይተወው ሥራው ነው። እጁ ላይ ይዞት ቆመ። አቶ ስዩም ከመኪናቸው ወርደው ይሄ ቀልድ ነው ማለት ጀመሩ፤ ሰው የሰማቸው አይመስልም፤ ለቅሶው ይበልጥ ደመቀ።

ልክ በዚህ መሀል ነው የመኪናው ድምፅ የመጣው። አማከለች ገና ሳታየው አወቀችው። አይሱዙው አስፋልቱን ለቆ ወደ እርሻው ገባና ከለቀስተኛው ኋላ ተገትሮ ቆመ። ጋቢናው እንደተከፈተ ቀረ። ሚኪያስ አንድ እግሩ ጫማ የለውም፤ ሸሚዙ ከላይ እስከ ታች ተቀዷል። ሕዝቡን በክርኑ እየገፋ፣ ደረቱን በቡጢ እየደቃ ገባ።

ወሬው እንዴት ወልድያ እንደደረሰ ኋላ ነው የታወቀው። ደጀን የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ጠዋት ከመርሳ ሲወጣ ጥሩንባውን ሰምቷል። እሱ የሚያውቃት አማከለች አንዷን፣ የጭማቂ ቤቷን ነው። ወልድያ ሲደርስ ጎማ ሊያስጠግን ጋራዥ ገባና እዚያ ላገኘው ለሚኪያስ እግዜር ያጥናህ አለው፤ የሁለቱን ነገር ያልሰማ ሹፌር የለማ። ሚኪያስ ስልክ መታ፤ ስልኳ እሱን አይቀበልም። ደግሞ መታ። ያ የእሷ ኩርፊያ የሞቷ ማረጋገጫ ሆነበት። የጫነውን ጆንያ እንኳ ሳያራግፍ መንገድ ገባ፤ ሲሪንቃ ላይ ያዩት ሰዎች ጆንያ እየዘራ አለፈ አሉ።

ሚኪያስ ከቃሬዛው ስር በግንባሩ ተደፋ። ተሸካሚዎቹ ደንግጠው ቃሬዛውን ወደ መሬት አወረዱት። እትዬ ሀስና ሙሾውን ከመሀሉ ቆረጡት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የሚሰማው የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ሆነ።

«ዝም አልኩሽ» ይላል። «ብቻሽን ቆመሽ ስትናገሪ ዝም አልኩሽ። አንድ ቃል ነበር የጠበቅሽው። አንድ ቃል ነፈግኩሽ፣ አማከለች። አሁን ለማን ልናገረው? ለማን ብዬ ነው የምናገረው?»

ጋቢውን አቅፎ ፊቱን ቀበረበት። አባቱን አላየም፣ ፖሊስ አላየም፣ ማፈርም አላወቀም። የወልድያው ጌታ ልጅ በመርሳ ገበሬ ፊት አፈር ላይ ተንከባለለ።

አማከለች ከሴቶቹ ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰማች። ሀጂራ እጇን ጭምቅ አድርጋ ይዛታለች፤ ሂጂ፣ ግደይው እንጂ እንዲህ አታድርጊው፣ ኃጢአት ነው አለቻት። እውነቱን እንነጋገርና፣ አማከለች ወዲያው አልሄደችም። ክረምቱን ሙሉ ማንጎ እየላጠች የዋጠችውን ሁሉ ቆጠረች። ትንሽ ያልቅስ አለች በልቧ፤ እኔ ያለቀስኩትን ያህል እንኳ አይሞላም። ቂም ነበር፤ ደስታም ነበረበት። አንዲት ሴት ብትሞት ማን እንዴት እንደሚያለቅስላት አይታ ማወቅ የማይሰጥ ነገር ነው፤ ለእሷ ተሰጣት። ከዚያ ግን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች፤ እናቱን በጭኑ ይዞ መንገድ ላይ የቀረው ልጅ ትዝ አላት።  ሴቶቹን ገፍታ ወጣች።

«ሚኪያስ» አለችው።

ቀና አለ። ፊቱ አፈርና እንባ ተለቅልቋል። እጁን ዘርግቶ የቀሚሷን ጫፍ በሁለት ጣቱ ያዘ፣ ብይዘው ይጠፋል ብሎ የፈራ ይመስል።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ማነው?»

«ሞክሼዬ ናት» አለችው። «አባትህ ስም የላትም ያሏት። ማንጎው ስር የምንላት።»

እሱ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ነጩን ጨርቅ አየ፤ በእጁ ዳሰሰውና አፈሩ ተሰማው። ከሕዝቡ የሳቀ ሰው አልነበረም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዓመት የሚወራ መሳቂያ ይወጣው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ብዙዎቹ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። እትዬ አለሚቱ እንኳ፣ ያን ልጅ ስሙን መስማት የማይወዱት፣ ለልጃቸው የተለቀሰውን ለቅሶ ሰምተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

ሼህ ኡበይደላ በምርኩዛቸው ቀረቡ። በቅሬው ደንብ ሬሳ ላይ የወደቀን እንግዳ ዳኛው ሳይጠይቀው አያልፍም።

«ልጄ፣ የማን ወገን ነህ?»

በለቅሶ ቤት ሁሌም የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። የሟች ዘመድ ነህ ወይስ ጎረቤት ማለት ነው። ያን ቀን ግን ጥያቄው እንዲያ ብቻ አለመሆኑን ሁሉም ሰው አወቀ፤ ከሁሉ በላይ አቶ ስዩም አወቁ። ሕዝቡን አልፈው መጥተው ከልጃቸው ራስ ላይ ቆሙ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ ለዚያ ነው የከበደው።

«ተነስ፣ ሚኪ። ወደ ቤት እንሂድ። እናትህን ረሳሃት እንዴ?»

አማከለች አባትየውን አየች። ይሄ ነው የዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የሚኪያስን አፍ የዘጋው። እሷ ደግሞ ከሙት እናት ጋር ልትታገል አትችልም፤ አትፈልግምም። ዓይኑ አሁንም ወደ መሬት ከወረደ ቀሚሷን ከጣቱ አላቅቃ ትሄዳለች፣ ሁለተኛም ዞር ብላ አታየውም። ይህን ለራሷ አለችው።

ሚኪያስ ዓይኑን አላወረደም። አባቱን ቀጥ ብሎ አየ።

«አልረሳኋትም፣ አባዬ። እሷ ብትኖር ኖሮ ከቀብር መሀል ተነስተህ ና አትለኝም ነበር። አውሮፕላኑ ይምጣ፣ እኔም እፈልገዋለሁ፤ በድንጋዩ በኩል ይምጣ። ይሄ ባዶ ሜዳ አይደለም። አይተኸዋል፤ ሰው ያለቅስለታል።» ወደ ሽማግሌው ዞረ። «የአማከለች ወገን ነኝ፣ አባባ።»

«የትኛዋ?» አሉ ሼህ ኡበይደላ፤ ጢማቸው ውስጥ ፈገግታ ያለ መሰለ።

«የሁለቱም።»

 አቶ ስዩም አንድ ጊዜ አማከለችን አዩዋት፤ ያቺ ከአፏ የነጠቋት ልጅ መሆኗን አሁን ገና ያወቁ ይመስላሉ። ወደ መኪናቸው ሄዱ፤ ገብተው በሩን ዘጉት እንጂ ሞተር አላስነሱም። ልጃቸውን በመስተዋት እያዩ ተቀመጡ።

ሚኪያስ ተነስቶ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ። አማከለች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ይቅርታ በአንድ ለቅሶ አይገዛም፣ እሷም በቀላሉ የምትሸጥ አይደለችም። ድምፅዋ ግን ሲወጣ ሊለሰልስባት ፈለገ፤ በግድ ያዘችው።

«አልቅሰህልኛል» አለችው። «አሁን ደግሞ ተሸከም።»

 ሚኪያስ የቀረውን ጫማውን አውልቆ ጥሎ ከቃሬዛው ፊት ለፊት ገባ። ከጎኑ ያለው የሙስሊሙ መንደር ጎረምሳ ቦታ ለቀቀለት። ትከሻውን አስገብቶ ብድግ ሲል ቃሬዛው ዘመም አለ፤ አፈር እንደሚከብድ አላወቀም ነበር። ጥርሱን ነክሶ አስተካከለው። እትዬ ሀስና ሙሾውን ከቆረጡበት ቀጠሉ፣ ሕዝቡ ተቀበለ፣ ቃሬዛው ወደ ቀያሾቹ ገሰገሰ። መሣሪያውን በሦስት እግሩ ያቆመው ቀያሽ መጀመሪያ አለቃውን አየ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ሬሳ አየ። ከዚያ መሣሪያውን አጣጥፎ ወደ መኪናው ይዞት ሄደ። ሲጠይቁት እናቴን በቅርብ ነው የቀበርኩት፣ ዛሬ እዚህ ችካል አልመታም አለ አሉ። ነገ ሌላ ቀያሽ ሊልኩ ይችላሉ፤ ቅሬውም ይህን አልሳተውም፤ ጠሪው ጥሩንባውን ከአንገቱ እንዳያወርድ ተነግሮታል።

አማከለች ከቃሬዛው ኋላ በሴቶቹ መሀል ተራመደች። ፊት ለፊቷ የሚኪያስ ጀርባ ይታያታል፤ ሸሚዙ ተቀዶ፣ ባዶ እግሩ በታረሰው መሬት እየሰመጠ፣ ሸክሙን ለማንም አላቀብልም ብሎ ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ ደርቆ የነበረው ዓይኗ ያን ጊዜ ነው የከዳት። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ አገጯ ጋ ደረሰ፤ አልጠረገችውም። ግራና ቀኝ ያሉት ሴቶች ለመሬቷ ያለቀሰች መስሏቸው አብሽሪ፣ አብሽሪ እህቴ፣ አይዞሽ አልተወሰደችም እያሉ ደገፏት። እሷም አላረመቻቸውም።